በምስማር የያዝኳቸው ዛፎች

ሰው ፖለቲካ የሚገባው በዓላማ ነው ይባላል። እኔ የገባሁት ሻይ ለማምጣት ስላልተነሳሁ ነው። ቦንጋ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ቀን የመምህራን ስብሰባ ተጠራና ወደ ወረዳ የሚላክ ኮሚቴ ይመረጥ ተባለ። ስድስት ወንዶች ወዲያው ተመረጡ። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁና «እንዴ፣ ሴት ትግባበት እንጂ!» አሉ፤ ወጥ ላይ ጨው የረሱ ነው የሚመስሉት። ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ሌሎቹ ሴቶች ለእንግዶቹ ሻይና ዳቦ ሊያቀርቡ ወጥተዋል። እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ፤ ያውም አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ ነው እንጂ ለሴቶች መብት ብዬ አይደለም። እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ ፖለቲከኛ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አሥራ አራት ዓመታት በአንድ ቃል ልንገራችሁ፤ ምክትል። በቀበሌ ምክትል፣ በወረዳ ምክትል፣ ዞን ስገባም ምክትል። ኃላፊው ሲዛወር «ለጊዜው ተጠባባቂ ሁኚ» ይሉኛል። ሥራውን ደህና አድርጌ ሳቃና ከየትም አንድ ወንድ ይመጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። ስብሰባ ላይ ደግሞ «መምህርት፣ ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለው የቃለ ጉባኤውን ደብተር ወደ እኔ ይገፉታል። እኔ እየጻፍኩ እነሱ ይወስናሉ። ሐሳብ ልሰጥ እጄን ሳወጣ «ምነው፣ የተባለው አመለጠሽ?» ይሉኛል። ኧረ ምኑ ያመልጠኛል! የሚናገሩትን ሳይጨርሱ ነው የምጽፈው፤ በየስብሰባው ያው ነዋ።

ሦስተኛው ኃላፊ ሲዛወር ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር እስኪቀረኝ በተጠባባቂነት ሠራሁ። አዲሱ ሰው መጣ። በሩን ከፍቶ ሲገባ አወቅኩት። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ጉበትን ከሳንባ መለየት አቅቶት ሁለቱንም «የሆድ ዕቃ» ብሎ ያለፈ ልጅ ነው። «መምህርት! እርስዎ ነዎት እንዴ? እርስዎ ካሉማ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሁሉንም ያግዙኛል» አለኝ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። ልጁ ክፋት የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ በሰላም እጠላው ነበር። ቤቴ ገብቼ ትራስ ነክሼ አለቀስኩ። በማግስቱ መልቀቂያ አስገባሁ። በሳምንቱ ለክልል ምክር ቤት በግል እወዳደራለሁ አልኩ።

ባሌ አናጺ ነው፤ ነገርን የሚመዝነው በእርጋታ ነው። ያን ቀን ግን መጋዙን ጥሎ ተነሳ። «አንቺ ሴት፣ በጤናሽ ነው?»

«የምክር ቤት አባል ምክትል የለውም» አልኩት። «ተጠባባቂም የለውም። ከተመረጥኩ ተመረጥኩ ነው።»

እንግዲህ የፈለግኩት ይኸው ነው። በቅስቀሳ ጽሑፌ ላይ መንገድ፣ ንጹሕ ውኃ፣ የቡና ዋጋ ብዬ ደርድሬያለሁ፤ ሁሉንም ከልቤ ነው የጻፍኩት። ነገር ግን ልቤን ከፍቶ ያየ ሰው ቢኖር እዚያ ውስጥ የሚያገኘው አንዲት ወንበር ነው፤ ማንም መጥቶ «ተነሺ» የማይለኝ ወንበር። በአርባ ሰባት ዓመቴ ይህን መመኘት ነውር ከሆነ ይሁን።

የመወዳደሪያ ሥዕል ምረጪ ስባል ቀፎ መረጥኩ። የካፋ ሰው ቀፎ የማያውቅ የለም። ፖስተሩ ታተመ፤ ከላይ የእኔ ፊት፣ ከታች ረጅሙ ባህላዊ ቀፎ። ባሌ በዱቄት ሙጫ አዘጋጀልኝና ከተማውን አዳረስነው። በማግስቱ ማለዳ ልጎበኝ ስወጣ ምን አየሁ? ፍየሎች! ሙጫው ጣፍጧቸው ግድግዳውን እየላሱ ነው። አንዲቷ ዓይኔ እያየ ግንባሬን ቦጨቀችና አላመጠች፤ ወደ እኔ እያየች ነው የምታላምጠው። ባሌ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ቢያንስ እሷ ወዳሻለች» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ መላ አመጣ። «ከተማውን ለፍየሎቹ ተይላቸው። ድምፁ ያለው ገጠር ነው። እዚያ ዛፍ ላይ ከፍ አድርገን በምስማር እንምታው፤ ፍየል አይደርስበት፣ ዝናብም ቅጠሉ ይከልለዋል።» ከሱቁ ምስማር ያዘ፣ መሰላሉን በሞተር ሳይክሉ ላይ አሰረ፣ እኔ ከኋላ ፖስተሮቼን አቅፌ ጉዞ ወደ ማንኪራ በኩል። መንገዱ ሲያልቅ ሞተሩን ሰው ቤት አስቀምጠን በእግር ወደ አንዲት የጫካ መንደር ዘለቅን።

እዚያ የመጀመሪያ ሰው ሆና የተቀበለችን አንዲት ሴት ናት። ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን አልጨረሰም፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አራት ልጆች አሏት። ደጇ ላይ አስቀምጣ ቆጮ በጎመን ካበላችን በኋላ «መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ» ብላ ምስማሩን ተሸከመችልን። እየሄድን ስለ ባሏ አጫወተችኝ። ባሏ ቀፎ ሰቃይ ነበር። አምስት ትልልቅ የቀፎ ዛፎች ነበሩት። ሲሞት ዛፎቹን ወንድሙ ወሰደ፤ ሴት ዛፍ ላይ አትወጣም፣ ስለዚህ ዛፍ የላትም ተብሎ።

«ታዲያ ወንድሙ ቀፎ ይሰቅልባቸዋል?» አልኳት።

«ኧረ የት! እሱ ሺሺንዳ ከተማ ሱቅ ከፍቶ እዚያው ነው። ዛፎቹ ባዷቸውን ቆመዋል። እኔና ልጆቼ ደግሞ ከሥራቸው እናልፋለን።»

«ምክር ቤት ስገባ ይህን አነሳለሁ» አልኩና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ፖለቲከኛ ምን ይሳነዋል፣ መጻፍ ነው። እሷ ግን ማስታወሻዬን አላየችም። የምታየው ባሌን ነው፤ መሰላሉ ላይ ሆኖ ፖስተሬን በምስማር ሲቸነክር። ያን ቀን መልካም መልካም የሆኑትን፣ ቀጥ ብለው የወጡትንና ከመንገድ የሚታዩትን እየመረጥን ሃያ ሁለት ዛፍ ላይ መታን። ስንጨርስ ሴትዮዋ «እትዬ፣ ከተረፈዎት ጥቂት ይስጡኝ» አለችኝ። ለግድግዳዋ ነው ብዬ ልቤ በኩራት አብጦ ስምንት ሰጠኋት። ምስማርም ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ መልእክት መጣ፤ «የመንደሩ ሽማግሎች መምህርትን ይፈልጓታል።» ወይ ደስታዬ! ሽማግሎች ከጠሩ ሊመርቁ ነው፤ እነሱ ካሉ መንደሩ፣ መንደሩ ካለ አካባቢው ሁሉ የእኔ ነው። ነጠላዬን አጠብኩ፣ ንግግሬን በካፊኖኖ ቋንቋ አጠናሁ። የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ካፊኖኖዬ የገበያ ነው። ዋጋ ለመከራከር አንደኛ ነኝ፤ ሰው ለማመስገን ሲሆን ግን ቃል ያጥረኛል።

ስንደርስ አሥራ አምስት ያህል ወንዶች በአንድ ሽማግሌ ደጅ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ማንም አይስቅም። ይህ የክብር ዝምታ ነው ብዬ ንግግሬን ጀመርኩ። ሽማግሌው የተጀመረ ነገር አይቋረጥም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ስለ ቡና ዋጋ ስናገር እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ «መልካም ብለሻል ልጄ» አሉ። «አሁን ደግሞ ስለ ዛፎቻችን ንገሪን። ሃያ ሁለት ያዝሽ። ገና ትይዣለሽ ወይስ በቃሽ?»

«በቃኝ የለም አባቴ! ቢታ ገነትም እደርሳለሁ» አልኩ በሙሉ ጉልበቴ።

አግዳሚው ላይ ማጉረምረም ሆነ። አንዱ ብድግ ብሎ በሌላው ተጎትቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሆነው አስረዱኝ። ለካ በዚያ ጫካ ባለቤት የሌለው የቀፎ ዛፍ የለም። ገና ያልተያዘ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ግንዱ ላይ ጠርቦ ወይም አንድ ነገር ሰክቶ ይይዘዋል፤ ባየው ጊዜ ሌላው አልፎ ይሄዳል። ቀድሞ ይዞት የነበረ ሰው ተቃውሞ ካለው ምልክቱን ራሱ አይነቅልም፤ ለሽማግሌ ይናገራል። በሰው ዛፍ ላይ እንዲህ ማድረግ ደግሞ በሰው ቤት ገብቶ አልጋ እንደማንጠፍ ነው። እኔ የሠራሁት ምንድን ነው? የቀፎ ሥዕል ይዤ ሄጄ፣ ያውም ፊቴን ከላይ አድርጌ፣ ከመንደሩ ዛፍ ሁሉ ምርጥ ምርጡን ቸንክሬያለሁ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ስለ ንብ ለአሥር ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለ ንግሥቲቱ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለ ስድስት እግራቸው ሰሌዳ ሞልቼ ጽፌያለሁ። ቀፎው የሚሰቀልበት ዛፍ የሰው መሆኑን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ካፋ ነኝ ስል አላፍርም እኮ።

ግን አሥራ አራት ዓመት የስብሰባ ሰው ሆኜ ከማጥ መውጣት አላጣሁም። «አባቶቼ፣ በእናታችሁ ይቅር በሉኝ!» ብዬ ተንበረከክኩ። «ወረቀት እኮ ነው! ወረቀት ምን አቅም አለው? ዝናብ ሲመታው ያልቃል። ደግሞስ ሴት ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው ዛፍ የምትይዘው?»

በዚህኛው ሳቁ። ተጎትቶ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። ሽማግሌው እጄን ይዘው አስነሡኝ፤ «አላወቀችም፤ የእኛው ልጅ ናት፤ እንመርጣታለን» አሉ። ባሌ ከኋላዬ ተንፈስ ሲል ሰማሁት። ወንበሬ ታየችኝ፤ በእውነት እላችኋለሁ፣ ቀለሟ ሳይቀር ታየኝ።

ያኔ ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ደህና ኮት የለበሰ ሰው ተነሣ። «እግዜር ይስጥልኝ መምህርት» አለ። «እኔም ከእርስዎ አፍ መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ወረቀት አቅም የለውም፤ ሴትም ዛፍ አትይዝም። እንግዲህ የወንድሜ ሚስት የያዘቻቸው አምስት ዛፎች ነገር አለቀ ማለት ነው።»

ዞር ስል ቆጮ ያበላችን ሴት ከቤቱ ጥግ ቆማለች፤ እስካሁን አላየኋትም ነበር። የሰጠኋትን ፖስተሮች ግድግዳዋ ላይ አልለጠፈቻቸውም። በባሏ አምስት ዛፎች ላይ መትታ፣ የእናቷን ልጅ ከሌላ መንደር አስመጥታ ሦስቱ ላይ ቀፎ አሰቅላለች። ሽማግሎቹ የእሷን ጉዳይ ሁለት ቀን ሲያመነቱበት ነበር። ሴት ዛፍ ስትይዝ አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን እኔ ሴቲቱ ሃያ ሁለት ይዤ ማንም ምስማሬን ሳይነቅል ዘጠኝ ቀን ቆይቷል። «እሷ ከቻለች እኔስ?» ብላቸዋለች። መልስ አጥተው ነው እኔን የጠሩኝ። እኔም መጣሁና በሳቅ አጅቤ መልሱን ሰጠኋቸው።

ሴትዮዋ ብትሰድበኝ በተገላገልኩ።

«ይጻፍ» አለ ባለኮቱ። «ነገ ሌላ ወሬ እንዳይመጣ በጽሑፍ ይሁን።» አንድ የተማሪ ደብተር መጣ። በእጅ በእጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔ ጋ ቆመ። «መምህርት ይጻፉልን» አለ፣ እያከበረኝ፤ «የእርስዎ ጽሕፈት ያምራል አሉ።»

ብዕሩን ተቀበልኩ። ምን ልበላችሁ፣ እጄ ለምዷል። «ዛሬ በተደረገው የሽማግሌዎች ስብሰባ» ብዬ ጻፍኩ። «ሟች ይዟቸው የነበሩ አምስት ዛፎች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። አሥራ አራት ዓመት ሌሎች የወሰኑትን ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬ ግን የወሰንኩት ራሴ ነኝ፤ በራሴ አፍ።

«አልጽፍም» አልኩ።

«ምነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ቅድም የተናገርኩት ውሸት ነው። ድምፅ ለማግኘት ነው የቀላመድኩት።» ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። «ወረቀቱ አቅም ባይኖረው ኖሮ እዚህ ባልጠራችሁኝ። ሳላውቅ ያዝኩ፣ ግን ይዣለሁ። እኔ ከያዝኩ እሷም ይዛለች። እኔ የያዝኩት የሰው ዛፍ ነው፤ እሷ የያዘችው የባሏን ነው። ማን ነው የባሰው?»

«እንግዲያው ሃያ ሁለቱን ዛፍ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ!»

ባሌ ማሳል ጀመረ። ሽማግሌው «ምስማሩን የመታው ማን ነው?» ሲሉ ሳሉን አቁሞ «እኔ ነኝ አባቴ፣ እሷ አልመታችም» አለ፤ እግዜር ያክብረው። ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ዛፍ ላይ ወዳለው ፖስተር ጠቆሙና «ፊቱ የማን ነው?» አሉት።

ሽማግሎቹ ፈንጠር ብለው ተማከሩና ተመለሱ። የተፈረደብኝ ይህ ነው፤ ሃያ ሁለቱንም ምስማር በእጄ እነቅላለሁ፣ በየዛፉ ሥር ባለዛፉ ቆሞ እያየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሴትዮዋ ቀፎ ያሰቀለችባቸው ሦስት ዛፎች የእሷ ናቸው። ቀሪዎቹ ሁለቱ ግን ገና ይታያሉ፤ ለሌላ ቀን ይቀጠራሉ። ባለኮቱ ኮቱን ቆልፎ ሳይሰናበት ሄደ፤ የሄደበት ሺሺንዳ ደግሞ በቅስቀሳዬ ካርታ ላይ ትልቁ ገበያ ነው።

ምስማር መንቀል ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች በመኪና ድምፅ ማጉያ ይዘው ሲዞሩ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተንቀጠቀጥኩ እነቅላለሁ፣ ከታች ባሌ «ቀኝ እግርሽን! ኧረ ቀኙን!» እያለ ይጮኻል። ባለዛፎቹ ተሰብስበው ያዩኛል። የሳቀ አለ፣ ጠጅ የቀዳልኝ አለ። አንድ አዛውንት ይቅርታዬን ተቀብለው ሲያበቁ «ንግግርሽን ጨርሰሽ ብትሄጂ ኖሮ ልመርጥሽ ነበር፤ አሁን ግን ሚስቴን ምን እንደምታስተምሪያት አላውቅም» አሉኝ። ቢያንስ እውነቱን ነገሩኝ።

የምርጫው ውጤት በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ዝናብ ይዘንባል። ወደቅኩ። ብዙ አልቀረኝም ነበር፤ እሱ ነው የሚያንገበግበው። ያችን መንደር ባገኝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ባሌ ጃንጥላውን ለእኔ አድርጎ እሱ እየረጠበ ወደ ቤት ወሰደኝና ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ሠራ። የሚችለው ፍርፍር ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፍርፍር በላን፤ ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ። እንግዲህ የምክር ቤቷ ወንበር ሄደች፤ በዕድሜዬ ሌላ ምርጫ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በገበያ ቀን በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ያቺው ሴት ናት፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ እጇ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ማር። ልታጽናናኝ መጣች ብዬ እንባዬ መጣ። አስገባኋት፣ አስቀመጥኳት፣ አፏን ሳትከፍት አቀፍኳት።

«አይዞሽ፣ የመንደሩ ሰው ቢከዳኝ ያንቺን ድምፅ አልረሳም» አልኳት።

«እኔም አልመረጥኩዎትም እትዬ» አለች።

«ምን?»

«አልመረጥኩዎትም። ጎረቤቶቼንም እንዳይመርጡዎት ነግሬያቸዋለሁ።»

ወይ ጉዴ! ቁጣዬ ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ አናቴ ላይ ሲወጣ ታወቀኝ። ለእሷ ብዬ፣ ለሦስት ዛፍ ብዬ ያጣሁትን አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። አሥራ አራቱን ዓመት፣ ወንበሩን፣ ፍየሎቹን ሳይቀር። እስክጨርስ ጠበቀች። እነዚያ ሰዎች የተጀመረ ነገር አያቋርጡም።

«ቢመረጡ ይሄዱ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ደውዬስ አገኝዎታለሁ? የሁለቱ ዛፎች ቀጠሮ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ ነው። የባሌ ወንድም አምስት ሰው ይዞ ይመጣል። የእናቴ ልጅ ወደ መንደሩ ተመልሷል፤ እኔ ማንም የለኝም።»

«ባሌን ውሰጂው!» አልኳት በንዴት። «እሱም ነበረ፣ ሁሉንም ሰምቷል፤ እሱ ይመስክርልሽ!»

«ስለ እሳቸውም ጠይቄ ነበር» አለች፣ ማሩን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ሽማግሎቹ በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው አንቀበልም ብለዋል።»